በአንድ ሕንፃ ለብዙ ተከራይ ኢንተርኔት ስታከፋፍሉ ደንበኛን በምን ታረጋግጣላችሁ?

ሐዋሳ ውስጥ ከታቦር ተራራ ሥር እስከ ሐይቁ ዳርቻ ኪራይ ቤቶች፣ እንግዳ ማረፊያዎችና የተማሪ መኖሪያዎች በየጊዜው ይጨምራሉ። ብዙ ባለቤቶች አንድ የፋይበር መስመር አስገብተው ለተከራዮቻቸው ማካፈል ይፈልጋሉ። ሥራውን የሚረከበው ቴክኒሻንም ስለ ፍጥነት፣ ስለ ኬብልና ስለ ራውተር ዋጋ ሲነጋገር ይውልና ዋናውን ነገር ለመጨረሻ ያቆየዋል። ዋናው ነገር የከፈለውን ካልከፈለው መለየት ነው። ለሕንፃው ሁሉ አንድ የዋይፋይ ፓስወርድ ከተሰጠ ብዙም ሳይቆይ ከአጥር ውጭ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የለቀቀ ተከራይ ይዞት ይሄዳል፤ ሲቀየር ደግሞ የከፈሉት ሁሉ በአንድ ቀን ይደውላሉ።

ይህ መመሪያ ከ20 እስከ 300 ደንበኛ ላለው ሕንፃ ወይም ግቢ የሚሆን ነው። በእያንዳንዱ ፎቅ ማኔጅድ ስዊች (እያንዳንዱን ፖርት ለየብቻ ማዘዝ የሚቻልበት የኬብል ማከፋፈያ)፣ መሐል ላይ አንድ ራውተር፣ ከጎኑ ደግሞ አንድ አነስተኛ ሰርቨር እንዳላችሁ ቆጥረናል። ምሳሌዎቹን በማይክሮቲክ ራውተርና ማን ይግባ ማን አይግባ ብሎ በሚወስነው፣ በነጻ በሚገኘው የሰርቨር ሶፍትዌር በፍሪራዲየስ ላይ አድርገናል፤ በሌላ ዕቃ ብትሠሩም መርሁ አይለወጥም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይቀድማል። የኮሙዩኒኬሽን አገልግሎት መስጠት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የሚመራና የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን የሚቆጣጠረው ሥራ ነው። መስመሩን ከሚሸጥላችሁ ድርጅት ጋር ያላችሁ ውል ማካፈልን እንደሚፈቅድ አረጋግጡ፤ የሚያስፈልገውንም ፈቃድ ኬብል ከመሳባችሁ በፊት ጨርሱ።

መስመሩን ነው፣ ዕቃውን ነው ወይስ ሰውየውን?

ፕሮቶኮል ከመምረጣችሁ በፊት ከሕንፃው ባለቤት ጋር ተቀምጣችሁ ሦስት ጥያቄዎችን በወረቀት ላይ መልሱ።

ደንበኛው ከ2ኛ ፎቅ ወደ 4ኛ ፎቅ ቢዛወር አገልግሎቱ አብሮት ይሄዳል ወይስ ከክፍሉ ጋር ይቀራል? ኢንተርኔቱ በቤት ኪራዩ ውስጥ የተካተተ ከሆነ ከክፍሉ ጋር ይቀራል፤ ስለዚህ የምትለዩት መስመሩን ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም የሚከፍል ከሆነ ግን የምትለዩት ሰውየውን ነው።

የደንበኛው ራውተር ተቃጥሎ ሌላ ገዝቶ ቢሰካ፣ ሳይደውልላችሁ መሥራት አለበት? አለበት ካላችሁ የዕቃው መለያ ቁጥር በሆነው በማክ አድራሻም በዩዘርኔምም የሚሠራ ዘዴ አይሆንላችሁም። መብራት መጥቶ ሲሄድ ዕቃ የሚቃጠልበት አካባቢ ከሆነ ይህን ጥያቄ ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት።

የተከፈለበት ጊዜ ሲያልቅ በዚያው ደቂቃ መቋረጥ አለበት ወይስ ሩብ ሰዓት ቢዘገይ ግድ የለም?

እኛ ባየነው መጠን አብዛኛው የተበላሸ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መስመሩን መለየት ሲገባ ለየክፍሉ ዩዘርኔም ይከፈታል፤ ከዚያ ተከራይ በተቀየረ ቁጥር ቴክኒሻን ይጠራል። ወይም ሰውየውን መለየት ሲገባ የስልኩ ማክ አድራሻ ይመዘገባል፤ ስልኩን የቀየረ ደንበኛ ደግሞ ከፍሎ ሳለ ይታገዳል። ዕቃው ራሱ መለያ መሆን ያለበት ሰው ለማይቀመጥባቸው ነገሮች ብቻ ነው፤ ካሜራ፣ ፕሪንተር፣ የክፍያ ማሽን።

ዲኤችሲፒ ለምን ፓስወርድ አይጠይቅም?

ዲኤችሲፒ ለሚሰካ ዕቃ ሁሉ የአይፒ አድራሻ የሚሰጥ አሠራር ነው፤ ፒፒፒኦኢ ደግሞ ደንበኛው በዩዘርኔምና በፓስወርድ የሚገባበት ነው። ከፒፒፒኦኢ መላቀቅ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል፤ ጥያቄው ትልልቆቹን የኢንተርኔት አቅራቢዎችም አነጋግሯል። ፒፒፒ በሰፊው የዋለው በስልክ መስመር እየደወሉ ለመግባት ነው፤ ፒፒፒኦኢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በአርኤፍሲ 2516 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት አሠራሮች የሚታተሙበት ተከታታይ ሰነድ ነው) ሲወጣ ያንኑ አሠራር በኤተርኔት ላይ ጫነው። በኋላ ኔትወርኩ ሙሉ በሙሉ ኤተርኔትና አይፒ ሲሆን፣ በስልክ ሽቦ ኢንተርኔት የሚሰጡት የዲኤስኤል አቅራቢዎች ፒፒፒን ትተው በዲኤችሲፒ ብቻ መሥራት ፈለጉ፤ ዩዘርኔምና ፓስወርዱን ግን ማጣት አልፈለጉም። ከእ.ኤ.አ. 2007 አካባቢ ጀምሮ ቻፕ ወይም ኢኤፒ የተባሉትን የማረጋገጫ ዘዴዎች በዲኤችሲፒ መልእክት ውስጥ እንክተት የሚል ሐሳብ የኢንተርኔት ደረጃዎችን ለሚያወጣው ለአይኢቲኤፍ ቀረበ። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ ሐሳቡም ደረጃ ሆኖ አልወጣም።

ከክርክሩ ለእኛ ሥራ የሚጠቅሙ ቴክኒካዊ ነጥቦች አሉ። ዲኤችሲፒ ደንበኛው ጠይቆ ሰርቨሩ የሚመልስበት አጭር ንግግር ነው። ኢኤፒ ግን ጠያቂው ሰርቨሩ ነው፤ ብዙ ዙርም ይመላለሳል። የዲኤችሲፒ ደንበኛ መልስ ሲዘገይበት 4፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 16 ሰከንድ ያህል እየጠበቀ እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ ማረጋገጫው ገና መሐል ላይ ሳለ ማለት ነው። ደንበኛው ሊቀበለው ግዴታ ያለበት የዲኤችሲፒ መልእክትም 576 ባይት ብቻ ነው፤ በኢኤፒ ሊላክ የሚችለው የሰርተፊኬት ሰንሰለት ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አርኤፍሲ 3118 የዲኤችሲፒ መልእክቶችን በጋራ ቁልፍ የሚያረጋግጥ ዘዴ ነበር፤ ቁልፉን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ማን ያዳርስ የሚለው ስላልተፈታ በሥራ ላይ ብዙም አልዋለም።

ስለዚህ በሥራ ላይ ያሉት መንገዶች አራት ናቸው። አድራሻ ከመሰጠቱ በፊት ፖርቱ ላይ በ802.1ኤክስ (ያልተረጋገጠን ዕቃ ፖርቱ ላይ በሚያግድ ዘዴ) ማረጋገጥ፤ በፒፒፒኦኢ ሴሽን ውስጥ ማረጋገጥ፤ አድራሻ ሲሰጥ ደንበኛውን ሳይጠይቁ መስመሩን በኦፕሽን 82 መለየት፤ አድራሻ ከተሰጠ በኋላ በድረ ገጽ መግቢያ ማረጋገጥ። ዲኤችሲፒ ላይ ፓስወርድ የሚያስገባ ዕቃ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ።

መስመሩን መለየት፤ ዲኤችሲፒ ከኦፕሽን 82 ጋር

ክፍል ለሚያከራይ ሕንፃ የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው። ደንበኛው ምንም አያስገባም፤ ራውተሩን ይሰካል፣ ይሠራል። የሚለየው ስዊቹ ነው። የደንበኛው የዲኤችሲፒ ጥያቄ ሲያልፍ ስዊቹ ከየትኛው ፖርት እንደመጣ ጽፎ ያያይዝበታል። ይህ በአርኤፍሲ 3046 እ.ኤ.አ. በ2001 የተደነገገ ሲሆን ኦፕሽን 82 የሚባለውም ይኸው ጽሑፍ ነው። ራውተሩ ያንን ጽሑፍ ወደ ራዲየስ ሰርቨር (ፍሪራዲየስ ወዳለበት) ይልካል፤ ሰርቨሩም «ፎቅ 3፣ ፖርት 4፣ 10 ሜጋ፣ ከፍሏል» ብሎ ይመልሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለደንበኞች አንድ የተለየ ቪላን (በዚያው ዕቃና ኬብል ላይ ተለይቶ የሚሠራ ንዑስ ኔትወርክ) ክፈቱ፤ የስዊቾቹና የካሜራዎቹ መቆጣጠሪያ በሌላ ቪላን ይሁን። በየስዊቹ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግን፣ ማለትም ስዊቹ የዲኤችሲፒ መልእክቶችን የሚከታተልበትን፣ በደንበኞች ቪላን ላይ አብሩ። ወደ ራውተሩ የሚወስደውን ፖርት ብቻ «ትረስትድ» (የታመነ) አድርጉ። ኦፕሽን 82 ማስገባትን አብሩና የሰርኪት መለያው አጻጻፍ በሁሉም ስዊች አንድ ዓይነት ይሁን፤ የስዊቹ ስምና የፖርቱ ቁጥር ይበቃል። ከዚያ ፖርት አይሶሌሽንን አብሩ፤ ደንበኞች እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ። በመጨረሻ አይፒ ሶርስ ጋርድ፤ ደንበኛው የተሰጠውን አድራሻ ትቶ በእጁ የጻፈውን እንዳይጠቀም። ይህን የመጨረሻውን የዘለለ ሰው ማረጋገጫ አልሠራም ማለት ነው፤ አድራሻ በእጁ መጻፍ የሚችል ተማሪ ሳይከፍል ይገባልና።

አሁን ወደ ብልሽቶቹ እንምጣ።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ አንድም ደንበኛ አድራሻ ካላገኘ፣ መጀመሪያ የምታዩት ራውተሩ ኦፕሽን 82 ያለበትን መልእክት እየጣለው እንደሆነ ነው። አንዳንድ ዕቃዎች ኦፕሽን 82 ኖሮበት የሪሌይ (የአስተላላፊው) አድራሻ 0.0.0.0 የሆነ ጥያቄ ሲደርሳቸው ደንበኛው ራሱ የፈጠረው ሐሰተኛ ነው ብለው ይጥሉታል። ስዊቹ ግን ሪሌይ ስላልሆነ አድራሻውን አይሞላም። መፍትሔው በራውተሩ ላይ እንዲህ ያለውን መልእክት እንዲቀበል መፍቀድ ነው።

ደንበኞች 192.168 የሚል እናንተ ያልሰጣችሁትን አድራሻ ካገኙ፣ አንድ ተከራይ ራውተሩን ገልብጦ ሰክቶታል፤ የግድግዳው ኬብል «ዋን» ላይ ሳይሆን «ላን» ላይ ገብቷል ማለት ነው። ስኑፒንግ በትክክል የበራበት ስዊች ይህን ራሱ ያግደዋል። ስለዚህ ችግሩ ከታየ ስኑፒንጉ ያልበራበት ስዊች አለ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ፖርት አነሰኝ ብሎ መሐል ላይ የሰካት ባለ 5 ፖርት ርካሽ ስዊች ትገኛለች። እሷ ያለችበት ቦታ ላይ ሁለት ክፍሎች እንደ አንድ መስመር ይታያሉ፤ ሒሳቡም ይደባለቃል።

ከሁሉ የሚያደክመው መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው ነው። ስኑፒንግ ማን የትኛውን አድራሻ እንደያዘ በሰንጠረዥ ይይዛል፤ ይህ ሰንጠረዥ በብዙ ስዊቾች ላይ ካልታዘዘ በቀር የሚቀመጠው በራም ብቻ ነው። ስዊቹ ጠፍቶ ሲነሳ ሰንጠረዡ ባዶ ነው። በትንሽ ዩፒኤስ ላይ ያለው የደንበኛ ራውተር ግን አልጠፋም፤ አድራሻዬ ገና አላለቀም ብሎ ይቀጥላል። አይፒ ሶርስ ጋርድ ደግሞ በሰንጠረዡ የሌለውን ሁሉ ያግዳል። ደንበኛው መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ኢንተርኔት የለውም፤ ራውተሩን አጥፍቶ ሲያበራው ይሠራል፤ ምክንያቱንም ማንም ሳያውቀው በየሳምንቱ ይደጋገማል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ሰንጠረዡ ወደ ፍላሽ እንዲቀመጥ ማዘዝና የአድራሻውን ኪራይ ማሳጠር። የኪራይ ጊዜው 30 ደቂቃ ከሆነ ደንበኛው በ15ኛው ደቂቃ ያድሳል፤ ችግሩ ቢፈጠር እንኳ ከዚያ ብዙም አይዘልቅም። እንደ 24 ሰዓት ያለ ረጅም ኪራይ ተሞልቶ ከመጣ ግን እንዳለ አትተዉት።

ያልከፈለን ለማቋረጥም ይኸው የኪራይ ጊዜ ነው የሚወስነው። ዲኤችሲፒ ደንበኛውን «ውጣ» የሚልበት ሁሉም ዕቃ የሚያከብረው መንገድ የለውም። ያልከፈለውን ቶሎ ማቆም ከፈለጋችሁ አድራሻውን አትንጠቁት፤ ራውተሩ ላይ «ያልከፈሉ» በሚል ዝርዝር ውስጥ ክተቱትና ወደ መክፈያ ገጽና ወደ ባንክ መተግበሪያዎች ብቻ እንዲደርስ አድርጉ። መክፈል እንዲችል የመክፈያ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ኬብል ሲነካካ መለያው እንደሚለወጥም አትርሱ። የ304ን ኬብል ከፖርት 4 ነቅሎ ፖርት 5 ላይ የሰካ ሰው የ304ን ተከራይ 305 አድርጎታል። በሁለቱም የኬብል ጫፍ ላይ የክፍሉን ቁጥር ለጥፉ፤ የስዊቹን ሳጥን ቆልፉ።

ሰውየውን መለየት፤ ፒፒፒኦኢ

ደንበኛው በስሙ የሚከፍል፣ ከክፍል ክፍል የሚዘዋወርና በደቂቃው መቋረጥ ያለበት ከሆነ ፒፒፒኦኢ እስከ ዛሬ የሚበልጠው አላገኘንም። አርጅቷል የሚሉት አሉ፤ ነገር ግን ሴሽኑ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ ቁልጭ ብሎ ይታወቃል፣ ማቋረጥ ይቻላል፣ ርካሽ የሚባሉት ራውተሮች ሁሉ ይችሉታል።

ፓፕ ወይስ ቻፕ? ፓፕ ፓስወርዱን ሳይሸፍን በኬብሉ ላይ ይልከዋል፤ በምትኩ ሰርቨሩ ላይ ፓስወርዱን አመስጥሮ ማስቀመጥ ይቻላል። ቻፕ ፓስወርዱን በኬብሉ ላይ በጭራሽ አይልክም፤ በምትኩ ሰርቨሩ ፓስወርዱን እንዳለ ማወቅ አለበት። ከሁለቱ አንዱን መክፈል ግዴታ ነው። የእኛ ምክር ቻፕ ነው፤ ግን ፓስወርዱን ደንበኛው አይምረጥ። ደንበኛ የመረጠው ፓስወርድ የኢሜይሉም የባንኩም ፓስወርድ ሊሆን ይችላል፤ ሰርቨራችሁ ቢሰረቅ ጉዳቱ ከእናንተ ኔትወርክ አልፎ ይሄዳል። ባለ 12 ፊደል በማሽን የተፈጠረ ፓስወርድ ስጡት፤ ከዜሮ ጋር የሚምታታውን ኦ፣ ከአንድ ጋር የሚምታታውን ኤል አውጡ፤ አለዚያ በስልክ ሲነበብ ይሳሳታል። ራውተሩ ላይ ፓፕን አጥፉ፤ ክፍት ከተተወ አንዳንድ የደንበኛ ራውተር በራሱ ይመርጠዋል። ፖርት አይሶሌሽን እዚህም ግዴታ ነው። ካልበራ አንድ ተከራይ የራሱን የፒፒፒኦኢ ሰርቨር ከፍቶ የጎረቤቶቹን ፓስወርድ በፓፕ ሊጠይቅ ይችላል።

የፓኬት መጠንን በተመለከተ ሒሳቡ ይህ ነው። ኤተርኔት 1500 ባይት ይሸከማል፤ ፒፒፒኦኢ 6፣ ፒፒፒ 2 ባይት ይወስዳሉ፤ የሚቀረው 1492 ነው። ይህ ሳይስተካከል ሲቀር ቴሌግራም ይሠራል፣ አንዳንድ ገጽ ይከፈታል፣ ሌላው ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ፋይል መላክም መሐል ላይ ይቆማል። ትልልቆቹ ፓኬቶች ይወድቃሉ፤ «አሳንሰህ ላክ» የሚለው መልእክት ደግሞ መንገድ ላይ በፋየርዎል ስለሚታገድ ላኪው አያውቅም። ራውተሩ ላይ የቲሲፒ ኤምኤስኤስን (በአንድ ፓኬት የሚላከውን ከፍተኛ የዳታ መጠን) ለአይፒቪ4 1452፣ ለአይፒቪ6 1432 አድርጋችሁ ገድቡ። ለመፈተሽ ከደንበኛው ኮምፒውተር «አትቁረጥ» የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ 1464 ባይት ፒንግ ላኩ፤ ማለፍ አለበት። 1465 ደግሞ መውደቅ አለበት። ስዊቾቻችሁ በሙሉ 1508 እና ከዚያ በላይ የሚሸከሙ ከሆኑ፣ የሁለቱ ወገን ራውተሮችም አርኤፍሲ 4638ን የሚያውቁ ከሆነ ሙሉውን 1500 መመለስ ይቻላል፤ አንዱ ካላወቀ ግን አትሞክሩት።

አንድ ዩዘርኔም በሁለት ቦታ እንዳይገባ መከልከል ቀላል ይመስላል፤ በማይክሮቲክ ፕሮፋይሉ ላይ «ኦንሊ ዋን» የሚለውን ማብራት ወይም በፍሪራዲየስ የአንድ ጊዜ ገደቡን 1 ማድረግ ነው። ችግሩ የሚመጣው መብራት ሲሄድ ነው። ራውተሩ ድንገት ሲጠፋ «ደንበኛው ወጥቷል» የሚል መልእክት ለሰርቨሩ አይልክም። ሲነሳ ደንበኛው ለመግባት ይሞክራል፤ ሰርቨሩ ደግሞ «ገብተሃል እኮ» ብሎ ይመልሰዋል። ራውተሩ ሲነሳ የሚልከው «አካውንቲንግ ኦን» የተባለ መልእክት የነበሩትን ሴሽኖች በሙሉ ለመዝጋት የታሰበ ነው። ይሁንና ራውተሩ ከሰርቨሩ ቀድሞ ከተነሳ መልእክቱ የሚቀበለው አያገኝም። ስለዚህ ሰርቨሩንና ራውተሩን በአንድ ዩፒኤስ ላይ አድርጉ፤ የሰርቨሩን ባዮስ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ አዘጋጁት፤ ራውተሩ በየ600 ሰከንዱ ጊዜያዊ ሪፖርት እንዲልክ አድርጉ። ከዚያ ለ30 ደቂቃ ሪፖርት ያልመጣበትን ሴሽን ሁሉ የሚዘጋ ትንሽ ሥራ በሰርቨሩ ላይ በየ5 ደቂቃው ይሂድ። 300 ደንበኛ ቢኖር በ600 ሰከንድ ልዩነት የሚመጣው ሪፖርት በየ2 ሰከንዱ አንድ ነው፤ ያረጀ ኮምፒውተርም ይችለዋል።

በማይክሮቲክ የራዲየስ መልስ መጠበቂያው 300 ሚሊሰከንድ ሆኖ ይመጣል። ሰርቨሩ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ከሆነ ይበቃል። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ካለ ግን መስመሩ በተጨናነቀ ቁጥር ደንበኛ ይመለሳል፤ 3 ሰከንድ አድርጉት። ከዚያም በላይ ሰርቨሩን ከሕንፃው እንዳታስወጡት እንመክራለን። ዋናው መስመር ሲቋረጥ የማረጋገጫ ሰርቨሩ አብሮ ከጠፋ፣ መስመሩ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገፋል።

እንግዶችና ሠራተኞች

በሐይቁ ዳር ባሉ ማረፊያዎች ለሁለት ሌሊት የሚያድር እንግዳ ራውተር አይዞም፤ ለእሱ የሚሆነው በኩፖን የሚገባበት የድረ ገጽ መግቢያ ነው። ይህ ከአራቱ ደካማው ነው፤ ከገባ በኋላ የሚለየው በማክ አድራሻው ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ይቀዳል። ለወር ደንበኛ አትጠቀሙበት። ለእንግዳ ከተጠቀማችሁ የዋይፋይ ደንበኞች እርስ በርስ እንዳይተያዩ አድርጉ፤ ኩፖኑ የሚያልቅበትን ሰዓት አስገቡ። አንድሮይድ ከ10ኛው፣ የአይፎኑ አይኦኤስ ከ14ኛው ስሪት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የተለየ የማክ አድራሻ እንደሚፈጥሩም እወቁ። የዋይፋዩን ስም ከቀየራችሁ የነበሩት ስልኮች ሁሉ እንደ አዲስ ይታያሉ፤ በሦስት ፎቅ ሦስት የተለያየ ስም ከሰጣችሁም አንዱ እንግዳ ሦስት ሰው ይሆንባችኋል። መግቢያ ገጹ ራሱ አልመጣ ካለ፣ ስልኩ የጠየቀው ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ስለሆነ ነው፤ ያንን ጠልፎ ማዞር የሰርተፊኬት ማስጠንቀቂያ ብቻ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአርኤፍሲ 8910 የወጣው የዲኤችሲፒ ኦፕሽን 114 የገጹን አድራሻ ለስልኩ በቀጥታ ይነግረዋል፤ ራውተራችሁ ከቻለ ሙሉት።

ለቢሮና ለማሠልጠኛ ተቋም ትክክለኛው 802.1ኤክስ ነው። ሠራተኛው በራሱ ስም ይገባል፣ ሲለቅ የእሱ ብቻ ይዘጋል። ሁለት ነገር ብቻ እናስጠንቅቅ። ከፍሪራዲየስ ጋር የሚፈጠረው የሙከራ ሰርተፊኬት 60 ቀን ብቻ ያገለግላል፤ በእሱ ሥራ ከጀመራችሁ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሁሉም ሰው በአንድ ጠዋት ይወጣል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። የሰዓት ባትሪ የሌለው ወይም ባትሪው ያለቀ ዕቃ መብራት ሄዶ ሲነሳ ራሱን ከብዙ ዓመት በፊት ያገኛል፤ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት «ገና አልጀመረም» ብሎ ይጥለዋል። ሰዓቱን ለማስተካከል ኔትወርክ ያስፈልገዋል፤ ኔትወርክ ለማግኘት ደግሞ ትክክለኛ ሰዓት። ለእንዲህ ያሉት ዕቃዎች የሰዓት ሰርቨር ብቻ የሚደርሱበት የተለየ ቪላን ስጡ።

የራዲየስ ሰርቨሩ ራሱ

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ራውተሩና ሰርቨሩ የሚነጋገሩት በራዲየስ ነው፤ ማረጋገጫው በዩዲፒ 1812፣ ሒሳቡ በ1813። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐምሌ ወር አካባቢ ብላስትራዲየስ የተባለ ድክመት ይፋ ሆነ። ራዲየስ መልሱን የሚፈርመው በኤምዲ5 ስለሆነ፣ መሐል ላይ የተቀመጠ አጥቂ «አይግባ» የሚለውን መልስ «ይግባ» አድርጎ ሊለውጠው ይችላል። መከላከያው በሁለቱም ወገን «ሜሴጅ ኦተንቲኬተር» የተባለው ፊርማ ግዴታ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት የነበረ ስሪት የምትጠቀሙ ከሆነ አድሱት። የጋራ ምስጢሩ ከ16 ፊደል አይነስ፣ ለእያንዳንዱ ራውተርም የተለያየ ይሁን። ሁለቱ ፖርቶች ከኢንተርኔት ወገን ፈጽሞ አይታዩ። ሰርቨሩ ከሕንፃው ውጭ እንዲሆን ከተገደዳችሁ መልእክቱን በቪፒኤን ወይም በቲሲፒ 2083 በሚሠራው ራድሴክ (በተመሰጠረው ራዲየስ) ውስጥ አሳልፉት።

ለደንበኞች የውስጥ አድራሻ ስትሰጡ 192.168ን ተዉት፤ የደንበኛው ራውተር በውስጡ ያንኑ ስለሚጠቀም ይጋጫል። ለአቅራቢዎች የተለየው 100.64.0.0/10 ነው። ማን በየትኛው ሰዓት የትኛውን አድራሻ እንደያዘ መዝግቡ፤ ደንበኛው የጎበኛቸውን ገጾች ግን አትመዝግቡ። የሰዎችን ስምና ስልክ ስለያዛችሁ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እናንተንም ይመለከታል።

የክፍያ ቀንን በ30 ቀን ቁጠሩት። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ መስከረም 1 የከፈለ ጥቅምት 1 ይደርሰዋል፤ በፈረንጅ ወር ብትቆጥሩ ግን ቀኑ በየወሩ ይንሸራተታል። ጳጉሜን ላይ ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ወስኑ። ዝም ካላችሁ ሲስተሙ ጳጉሜን 1 ቀን ያስከፍልና ቀጣዩ ክፍያ መስከረም 26 (ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን 25) ላይ ይወድቃል። 5ቱን ወይም 6ቱን ቀን በነጻ መጨመርና ቀኑን መስከረም 1 ላይ መመለስ ክርክር ያስቀራል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ደንበኛው «ማታ 3 ሰዓት ተቋረጠብኝ» ካለ መዝገቡ ላይ የምትፈልጉት 21:00 ነው። «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ካለ ደግሞ ለማክሰኞ አጥቢያ ወይስ ለረቡዕ አጥቢያ ብላችሁ ጠይቁ፤ አለዚያ የተሳሳተ ቀን 02:00 ላይ ትፈልጋላችሁ።

ከማስረከባችሁ በፊት

የመጀመሪያውን ደንበኛ ከማስገባታችሁ በፊት ባለቤቱ ባለበት እነዚህን ፈትሹ። የሁለት ክፍሎችን ኬብል አለዋውጡና ሰርቨሩ ማንን ማን እንዳለ እዩ። አንድ ራውተር ገልብጣችሁ ስኩና ሌሎቹ አድራሻቸው እንዳልተነካ አረጋግጡ። በአንድ ዩዘርኔም ከሁለት ክፍል ለመግባት ሞክሩ። አድራሻ በእጅ ጽፋችሁ ለመግባት ሞክሩ፤ ከገባችሁ አልጨረሳችሁም። የራዲየሱን አገልግሎት አቁሙና በሥራ ላይ ያሉት ደንበኞች እንደቀጠሉ፣ አዲስ የሚገባው ብቻ እንደሚጠብቅ እዩ። በመጨረሻ የሕንፃውን ዋና ማብሪያ አጥፉ፤ 10 ደቂቃ ጠብቁና አብሩ። ሁሉም ደንበኛ ማንም ሳይነካው ተመልሶ እስኪገባ የፈጀውን ጊዜ በርክክቡ ሰነድ ላይ ጻፉት። ከ5 ደቂቃ ከበለጠ ቀድሞ መነሳት ያለበት ዕቃ ዘግይቷል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ ነው።